የእጅጌው ልክ

የሆስፒታሉን የካርድ ክፍል ሠራተኛ ባልደረቦቿ «መርፌ» ይሏታል። የተሰፋውን ሁሉ ካልፈታሁ ስለምትል ነው። ሥራዋ ሐኪሞች ካርድ ላይ የጻፉትን የበሽታ ስም አንብባ፣ በፊደልና በቁጥር ወደተሠራ ኮድ ለውጣ ኮምፒውተር ላይ መመዝገብ ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርታበታለች። የሐኪም እጅ ጽሑፍ ግራ የገባቸው ፋርማሲስቶች እንኳ ወረቀት ይዘው ወደ እሷ ነው የሚሮጡት።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት አንዲት ልብስ ሰፊ የስድስት ዓመት ልጇን ይዛ መስኮቱ ጋ ቆመች። የልክ መውሰጃዋ ሜትር አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ ነው፤ ከሥራዋ ብድግ ብላ መምጣቷ ያስታውቃል። ልጅቷ ከመስኮቱ በታች ስለሆነች አትታይም፤ ድምፅዋ ግን ቀድሟት ገባ።

«ከማን ጋር እንደምናወራ ልይ እንጂ!»

እናቷ አንስታ የመስኮቱ ደፍ ላይ አስቀመጠቻት። ሰፊ ግንባር፣ አጫጭር ክንዶች፣ ነገር የሚያሳድዱ ዓይኖች። «ቤት ውስጥ ‹ዳኛዋ› ነው የምንላት» አለች እናቷ እያፈረች። «ሳትጠይቅ የምታልፈው ነገር የለም።»

ለትምህርት ቤት ምዝገባ የልጅቷን ጤንነት የሚገልጽ ወረቀት ነበር የፈለጉት። መርፌ ማጠቃለያውን አትማ ሰጠቻት። ልብስ ሰፊዋ አነበበችው፤ ፊቷ ጠቆረ።

«ሪኬትስ። በቫይታሚን እጥረት የመጣ የአጥንት መሳሳት። አሁንም ይኸው ነው?»

«ሦስት ዓመት ሙሉ እንዲህ ነው የተጻፈው።»

«እህቴ፣ ይህን ይዤ አማቴ ፊት አልቆምም። ‹ፀሐይ ነፍገሽ ልጄን አሳጠርሻት› እንዳለችኝ ነው የምትውለው። ፀሐይ ያላሞቅኋት ቀን የለም፤ የቫይታሚን ሽሮፑን አንድ ቀን አላጓደልኩም። ደግሞስ የልጄን ልክ እኔ አጥቼው ነው? የስድስት ዓመት ልጅ ቀሚስ ስሰፋላት ደረቱም ወገቡም ልክክ ይላል። እጅጌው ብቻ ግማሽ ስንዝር ይተርፋል። የጎደላት ፀሐይ ቢሆን እጇን ብቻ መርጦ ያሳጥራል?»

«ይህን ለሐኪሞቹ ነገርሻቸው?»

«ነገርኳቸው። ‹ሽሮፑን ቀጥዪ› አሉኝ።»

መርፌ ወረቀቱን መልሳ ወሰደችው። «እስከ ስድስት ሰዓት ታገሺኝ። አትሂጂ።»

ካርዱን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምራ ማገላበጥ ያዘች። የመጀመሪያው ቀን አንድ የቸኮለ ተረኛ ሐኪም «ሪኬትስ?» ብሎ ከጥያቄ ምልክት ጋር ጽፏል። በሁለተኛው ቀጠሮ የጥያቄ ምልክቱ ጠፋ። ከዚያ ወዲህ ያየ ሁሉ የፊተኛውን እየገለበጠ አለፈ። የደም ምርመራዎቹ ግን ሦስት ጊዜም ደኅና ናቸው። አንድ ነርስ ከዳር «ታንኮራፋለች፤ ተኝታ ትንፋሿ ቆም ይላል» ብላ ጽፋ ነበር፤ ማንም አልመለሰላትም። መጨረሻ ላይ ከሌላ ወረቀት ጋር በስቴፕለር የተጣበቀ የኤክስሬይ ንባብ ተገኘ። ሁለት ዓመት ሆኖታል። የክንድና የጭን አጥንቶቿ አጫጭር መሆናቸውን፣ የአከርካሪዋ ቦይ ወደ ታች እየጠበበ መሄዱን ይናገርና «አብሮ የተወለደ የአጥንት ዕድገት ችግር ይመስላል፤ የአጥንት ሐኪም ይያት» ይላል። ያየው ሐኪም ፊርማ የለበትም።

«ፍየል ወዲህ፣ ቅዝምዝም ወዲያ» አለች መርፌ ለራሷ።

ከዚያ ኮምፒውተሩን ከፈተች። የሁለተኛውን ቀጠሮ ኮድ ያስገባው ማን እንደሆነ ፈለገች። የራሷ ስም ወጣ። ሐኪም ያልጻፈውን በሽታ መመዝገብ አትችልም፤ የሥራዋ የመጀመሪያ ሕግ ነው። እንዳትጠይቅ የሚከለክላት ሕግ ግን የለም። ካርዱን ታቅፋ ተነሣች።

የሕፃናት ክፍሉ ኃላፊ ፀጉራቸው የሸበተ፣ ቁጣቸው ከእሳቸው ቀድሞ የሚገባ ሐኪም ናቸው። ካርዱን ሲያዩ ቅንድባቸውን ሰበሰቡ።

«ልጄ፣ አንቺ ኮድሽን ጻፊ። ምርመራውን ለእኛ ተይው።»

«እኔ አልመረመርኩም ዶክተር። ያነበብኩትን ነው የምጠይቅዎ። ደሙ ደኅና ነው ይላል፤ ኤክስሬዩ ሌላ ይላል፤ ካርዱ ሌላ ይላል። የትኛውን ልመዝግብ? አንዴ እኔም ሳላገላብጥ መዝግቤዋለሁ። ሁለተኛ አላደርገውም።»

ሐኪሙ የኤክስሬዩን ንባብ አነበቡ። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና እንደገና አነበቡት።

«ልጅቷ የት ናት?»

«መስኮቱ ጋ ናት።»

ጥሪው ሲመጣ ልብስ ሰፊዋ ሜትሯን ከአንገቷ አውርዳ ለሐኪሙ አቀበለች። ክንድ ለኩ፣ ጭን ለኩ፣ የራስ ቅል ለኩ። «እስቲ ጣቶችሽን ዘርጊ» አሏት።

«ለምን?» አለች ዳኛዋ።

«የመሃል ጣትሽና የቀለበት ጣትሽ ተራርቀው እንደሚከፈቱ ለማየት።»

ዘረጋች። ተከፈቱ። ሐኪሙ ተቀምጠው በማንም ሊነበብ በሚችል ጽሑፍ «አኮንድሮፕሌዢያ፣ አብሮ የተወለደ የአጥንት ዕድገት ችግር» ብለው ጻፉ፤ ከሥሩም «በእንቅልፍ ላይ የትንፋሽ መቋረጥ፤ በአስቸኳይ ይመርመር» ጨመሩ። ሽሮፑንም አቋረጡት።

«ፀሐዩስ?» አለች እናት።

«ፀሐይ የለችበትም። አንቺም የለሽበትም። ገና ስትፀነስ በዘር ቅንጣቷ ላይ የመጣች አንዲት ለውጥ ናት። እናትና አባት ቁመታቸው እንደማንም ሰው ሆኖ ነው አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው። ካርዱ ላይ እኔም ፈርሜ አልፌ ነበር። ይቅርታ አድርጊልኝ።»

«እሱንም ይጻፉልኝ» አለች እንባዋን እየጠረገች። «የማንም ጥፋት አይደለም ብለው ይጻፉልኝ።»

ጻፉላት። መርፌም ከሰዓት በፊት አሮጌውን ኮድ አስተካክላ፣ አብረው ለሚወለዱ ችግሮች ከተመደበው ምዕራፍ ትክክለኛውን አስገባች፤ የትንፋሹንም ለብቻው መዘገበች። ማጠቃለያውን አትማ በመስኮቱ አቀበለቻት።

በሦስተኛው ሳምንት የዳኛዋ ትንፋሽ ይዘጋ የነበረው ቶንሲሏ ወጣ፤ ማንኮራፋቷም ቀረ። የአጥንት ሐኪሙ እግሮቿንና አከርካሪዋን በየስድስት ወሩ እንዲያይ ቀጠሮ ያዘላት። ወረቀቱን ለአያቲቱ ያነበበላት ልጇ ነው፤ የዳኛዋ አባት። በማግስቱ አሮጊቷ አንድ ደኅና ቀሚሷን ይዛ ልብስ ስፌቱ ቤት መጣች፤ «ጠብቦኛል፣ አስፊልኝ» አለች። ልኳ እየተወሰደ ሳለ ግድግዳ ግድግዳውን እያየች «የፀሐዩን ነገር በድዬሻለሁ፣ ልጄ» አለች። ምራቷ የወገቧን ልክ ሁለት ጊዜ ደገመችው፤ ዓይኗን እንባ ጋርዶት ቁጥሩ አልታያትም ነበር።

መርፌ ደግሞ ከዚያ ማክሰኞ ወዲህ፣ ቀድሞ በሪኬትስ ስም የተመዘገቡትን ካርዶች በሙሉ አስወጥታ፣ በየቀኑ ምሳ ሰዓት ላይ አምስት አምስት ታነባለች። አብዛኞቹ እውነተኛ ሪኬትስ ናቸው፤ ሽሮፑም ጠቅሟቸዋል። ሁለቱ ግን እንዲያ አይደሉም። ለሁለቱም ቤተሰቦች ተደውሏል፤ አንደኛው ሰኞ ይመጣል።