የጠበቃ ገሠሠ የመጨረሻ ጥያቄ

አስተዋይ አንባቢ ሆይ፣ ከሕማማተ ነፍስ ሁሉ እጅግ ረቂቁና እጅግ ክፉው ቅናት ነው፤ ቁጣ ፊትን ያቀላል፣ ስስት እጅን ያረዝማል፣ ቅናት ግን የትሕትና ካባ ደርቦ፣ ጧት ማታ እጅ እየነሣ፣ ከወዳጁ ማዕድ ይቀመጣል። ለዚህ ምስክራችን አንደበተ ርቱዑና ሕግ ዐዋቂው ጠበቃ ገሠሠ ወልደ ኪሮስ ናቸው፤ እኒህ ሰው በአንዲት የወሎ ከተማ፣ ሰክረው በመንዳትና በልዩ ልዩ ወንጀል ለተከሰሱ ሁሉ መጠጊያና ጋሻ ሆነው ሲኖሩ፣ ያስተማሩት ደቀ መዝሙራቸው መንክር ይርዳው ተነሥቶ ዝናቸውንም ደንበኞቻቸውንም ወረሰ። ከዚያ ወዲያ የመንክር ስም በተጠራ ቁጥር አዛውንቱ በፊታቸው ፈገግ፣ በሆዳቸው ድብን ይሉ ነበር።

ከዕለታት ባንዱ ይኸው መንክር ከሰርግ ቤት እስኪበቃው ጠጥቶ ወጣና፣ ሕጉን ያውቃልና፣ ሞተር ሳያስነሣ በመኪናው ውስጥ ተኛ፤ ፖሊስ ግን መሪው ላይ ተደፍቶ ስላገኘው ሰክሮ በመንዳት ተከሰሰ። ቢፈረድበት የጥብቅና ፈቃዱ ሊሰረዝ ነው። ስለዚህ ከጠበቆች ሁሉ መምህሩን መርጦ፣ “የኔታ፣ ከርስዎ ሌላ ማን አለኝ?” አላቸው። እሳቸውም “አይዞህ ልጄ” ብለው ተቀበሉት፤ ውስጣቸው ግን ደስ ብሎት ነበርና፣ በዚያች ደስታ ራሳቸው ደነገጡ።

በችሎቱ ቀን ፖሊሱ ስለ ትንፋሹ ሽታና ስለ አንደበቱ መኮላተፍ በሰፊው መሰከረ። መንክርን ነጻ የምታወጣው አንዲት ጥያቄ ነበረች፤ መኪናው ሲንቀሳቀስ በዓይንህ አይተሃልን የምትል፤ እሷንም ለመንክር ያስተማሩት ራሳቸው ገሠሠ ነበሩ። ተከሳሹ ዓይኑን ከመምህሩ ሳይነቅል ያችን ጥያቄ ጠበቀ። ገሠሠ ስለ ሽታው ጠየቁ፣ ስለ ጨለማው ጠየቁ፣ ከዚያም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው “ጥያቄዬን ጨርሻለሁ” ብለው ተቀመጡ። መንክር ያን ጊዜ ሁሉን ተረዳ። ሆኖም ተነሥቶ እጅ ነሣና፣ “ክቡር ፍርድ ቤት፣ ጠበቃዬ ጉሮሯቸውን ታመው ነው እንጂ አንዲት ጥያቄ ትቀራቸዋለች፤ ቢፈቀድልኝ በስማቸው እኔ ላቅርባት” አለ። ዳኛው ፈቀዱ። ፖሊሱም ሲጠየቅ፣ “ሲነዳማ አላየሁትም፤ መኪናዋ ቆማ፣ እሱ ተኝቶ ነው ያገኘሁት” ሲል መለሰ።

መንክር በነጻ ተሰናበተ። ሕዝቡ ከደጅ ገሠሠን ከቦ፣ “እንዲህ ያለ ጥያቄ ከርስዎ በቀር ማን ያስባል!” እያለ እጃቸውን ሳመ፤ ስንት ዘመን የተመኙት ውዳሴ ሲወርድላቸው እሳቸው ቀና ብለው ማየት አልቻሉም። በመጨረሻ መንክር ቀርቦ፣ “ጉሮሮዎን እግዜር ይማርልኝ፣ የኔታ” አላቸው። በሰው ክብር የሚንገበገብ ሰው፣ ያንኑ ክብር ከቀናበት ሰው እጅ እንደ ምጽዋት ከተቀበለ፣ ከዚያ የከበደ ፍርድ ከየትኛውም ችሎት አይጠብቀውም።