የልክ ደብተሩ የመጨረሻ ገጾች

ሰፈሩ በሙሉ እትዬ ሜትር ነው የሚላት፤ የልክ መውሰጃው ሜትር ከአንገቷ ወርዶ ስለማያውቅ። የሴት ቀሚስ መስፋት ከጀመረች ሠላሳ ዓመት አልፏታል፤ በዚህ ሁሉ ዘመን ግን ለአንዲት ደንበኛ እንኳ የወገቧን እውነተኛ ቁጥር ነግራ አታውቅም። ሜትሩን ታዞርና ጮክ ብላ "ሰማንያ!" ትላለች፤ ደብተሯ ላይ ድምፅ ሳታሰማ ሰማንያ ስድስት ትጽፋለች። የምትቆርጠው በደብተሩ ነው። ደንበኛዋ ሰማንያ ነኝ ብላ ደስ ብሏት ትሄዳለች፣ ቀሚሱም ልክክ ይላል። በዚህ ማን ተጎዳ? ማንም አልተጎዳም፤ እሷ ራሷ እስክትታመም ድረስ።

ሁለት ዓመት ሽንቷ አስቸገራት። ከመጣ መጣ ነው፤ ቆይ ቢሉት አይሰማም። ስፌት መኪናው ላይ ተቀምጣ አንድ እጅጌ ሳትገጥም ሁለቴ ትነሳለች። ከሁሉ የከፋባት ግን አውቶቡስ ነው። ልጇ ያለበት ከተማ የስምንት ሰዓት መንገድ ነው፤ እዚያ ደግሞ አንዴም ያላቀፈቻት የልጅ ልጅ አለች። ልጇ በደወለ ቁጥር "ሥራ በዛብኝ" ትለዋለች። አንድ ቀን "ከእኛ ቀሚሱ ይበልጥብሻል አይደል?" አላት። ከዚያ ወዲህ ስልኩ ራቅ ራቅ ብሏል።

የታዘዘላት ክኒን አልሠራ ሲል ሐኪሙ ሌላ መላ አመጣ። ከወገብ በታች፣ የሽንት ፊኛን ወደሚያዘው ነርቭ ቀጭን ሽቦ ይገባል፤ ሽቦው በትንሽ ኤሌክትሪክ ነርቩን እየነካካ ሥራውን ያስታውሰዋል። መጀመሪያ ግን ሙከራ ነው። ለሁለት ሳምንት ባትሪው ውጭ፣ ቀበቶ ላይ ይታሰራል። ችግሩ ቢያንስ በግማሽ ከቀነሰ ባትሪው ከቆዳ ሥር ይቀበራል፤ ካልቀነሰ ሽቦው ይወጣና ነገሩ ያበቃል።

ከዚያ በፊት ሲስተሯ አንድ ቅጽ ሰጠቻት። "እናቴ፣ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚሄዱና ስንት ጊዜ እንደሚያመልጥዎት አንድ ሳምንት ይጻፉልኝ። የሙከራውን ውጤት ከዚህ ጋር ነው የምናስተያየው።"

እትዬ ሜትር ቅጹን ይዛ ቤቷ ተቀመጠች። የዕለቱ አሥራ ስድስት ነበር፤ ያመለጣት አራት ጊዜ። ይህን ለዚያች ለአንድ ፍሬ ልጅ እንዴት ትጽፍላታለች? እጇ የለመደውን አደረገ። ሳምንቱን ሙሉ ስምንት ብሎ ጻፈ፤ ያመለጠው አንድ። ከዚያ ከተረፈ የሐር ጨርቅ ለባትሪው ኪስ ያለው መቀነት ሰፋችና ለሕክምናው ዝግጁ ነኝ አለች።

ሽቦው ሲገባ በሆዷ ተኝታ ነበር። ሐኪሙ "ምን ይሰማዎታል?" ቢላት፣ "አንድ ሰው በጣቱ በቀስታ መታ መታ የሚያደርገኝ ይመስላል" አለች። አይጎንበሱ፣ አይጠማዘዙ፣ ከባድ ነገር አያንሱ ተብላ ወጣች። በሦስተኛው ቀን ለመሞከር ያህል አንድ እጅጌ ገጠመች። ሁለተኛውንም ገጠመች። ኮሌታው ጋ ስትደርስ ነው አለመነሳቷ ትዝ ያላት። እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። ደግነቱ ጨርቁ ቀለም የሚለቅ አልነበረም።

ሁለት ሳምንቱ ሲያልቅ ሲስተሯ ሁለቱን ቅጾች ጎን ለጎን ዘረጋች።

"አዝናለሁ እናቴ። በፊት ስምንት፣ አሁን ሰባት። የሚያመልጥዎትም ያው አንድ። አልሠራልዎትም ማለት ነው፤ ሽቦውን ዛሬ እናወጣዋለን።"

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። እትዬ ሜትር ግን መድኃኒቱን ወገቧ ላይ ታጥቃ ነው በሽታውን የደበቀችው። መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

"ቆይ ልጄ፣ አታውጪው። የመጀመሪያው ውሸት ነው። ስምንት ያልኩሽ አሥራ ስድስት ነው።"

ሲስተሯ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። "አሁን እንዲህ ቢሉ ማን ያምነናል? ሐኪሙ ሽቦው እንዳይወጣብዎት ብለው ነው የሚናገሩት ይለኛል።"

እውነቷን ነው። እትዬ ሜትር ከቦርሳዋ ጠመኔ የነካካውን የልክ ደብተር አወጣች። "አፌን አትመኚው፤ እኔ የምቆርጠው በዚህ ነው።"

በመጨረሻዎቹ ገጾች፣ የደንበኛ ስም በሚጻፍበት ቦታ፣ "እኔ" ይላል። ከሥሩ የሁለት ዓመት ቁጥሮች በደቃቅ ጽሕፈት ተደርድረዋል፤ አሥራ አምስት፣ አሥራ ሰባት፣ አሥራ ስድስት። ሲስተሯ እያገላበጠች አየች። አንድ ቦታ ላይ ቆም ብላ አነበበች፣ ቀና ብላ አየቻት፣ ደብተሩን ይዛ ወደ ሐኪሙ ገባች።

ባትሪው ተቀበረ። ቁስሉ እስኪጠግ ዕቃ የሚያነሳላት ሰው ያስፈልግ ስለነበር ለልጇ ደወለች። መጣ፤ ግን አኩርፎ ነው የመጣው። ውኃ ይቀዳል፣ ጨርቅ ያነሳል፣ "አትጎንበሺ" ይላል፤ ከዚያ ወደ ውጭ ይወጣል። በአራተኛው ቀን "ለመሆኑ ምንሽን ነው የታከምሽው?" ብሎ ጠየቃት።

አፏ "ትንሽ ወገቤን" ሊል ተዘጋጅቶ ነበር። ደብተሩን ሰጠችው።

ቆሞ ማንበብ ጀመረ፣ ከዚያ ተቀመጠ። የእሱ ሴት ልጅ ከተወለደችበት ቀን ጎን "አሥራ ስምንት፤ መናኸሪያ ደርሼ ተመለስኩ" ይላል። ከወር በኋላ፣ "ትኬት ቆርጬ ነበር። ተመለስኩ።" ልጅቱ ዓመት የሞላት ቀን፣ "አውቶቡሱ ውስጥ ገብቼ ወረድኩ።"

"ሦስት ጊዜ ልትመጪ ተነሥተሽ ነበር?" አለ።

"አራት ነው" አለች። "አንዱን ለደብተሩም መንገር አፍሬ ነው። አውቶቡሱ ተነሥቶ ነበር፤ ልብሴ ረጥቦ ነው የወረድኩት።"

ልጇ ደብተሩን ከድኖ ጉልበቱ ላይ ያዘው። እንደ ልጅነቱ አፍንጫውን በእጁ ጠረገ።

"ሲሻልሽ መጥቼ እወስድሻለሁ፣ እማዬ" አለ። "ሹፌሩን አስቆመዋለሁ። ስንት ጊዜ ይበቃሻል?"

"ሁለት ጊዜ ይበቃኛል።"

ትንሽ አሰበችና አረመችው።

"ሦስት።"