ቅዳሜ ከሁለት እስከ ሦስት

አብዱረሂም የውሃ አባት ከሆነ አምስት ዓመቱ ነው። ከሮቢ ወንዝ በተጠለፈው ቦይ ሽንኩርትና ማሾ የሚያለማ ሁሉ ተራው የሚታወቀው ከእሱ ደብተር ነው። ክርስቲያኖቹ ሰንበት ስለሚያከብሩ ቅዳሜና እሑድ የሙስሊሞቹ ነው፤ አርብ በጁምዓ ሰዓት ደግሞ ውሃው ለክርስቲያኖቹ ይዞራል። በሰዓቱ ቦዩ ላይ ያልተገኘ ሰው ተራው ያልፈውና እስከ ሳምንቱ ይጠብቃል። አብዱረሂም ጉቦ አይቀምስም፣ ለወንድሙም አያዳላም። ሰው ያከብረዋል፤ ይወደዋል ለማለት ግን ያስቸግራል።

ባለፈው ወር ከክርስቲያኖቹ ገበሬዎች አንዱ፣ ወርቁ፣ ልጁን ቅድስትን ጤና ጣቢያ አድርሶ ሩብ ሰዓት ዘግይቶ መጣ። ውሃው ወደ ሌላ ማሳ ዞሯል።

"ትንሽ አይተርፍም? ልጄ አሟት እኮ ነው" አለ እያለከለከ።

"ተራ ተራ ነው። በዙርህ ተመለስ" አለው አብዱረሂም፣ ከደብተሩ ቀና እንኳ ሳይል።

"እሺ፤ በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም" አለና ወርቁ አካፋውን ትከሻው ላይ ጥሎ ሄደ። የአብዱረሂም ልጅ ፋዲላ ለአባቷ ምሳ ይዛ መጥታ አጠገባቸው ተቀምጣ ነበር። ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ የሰማችውን አትረሳም።

ፋዲላ ከአባቷ የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሳይክል እንዲያስተምራት። ሌላ ሰው አይሆንም፣ እሱ። መጀመሪያ "ሽንኩርቱ ይነሳና" አላት። ሽንኩርቱ ተነሳ። "ከረመዳን በኋላ" አላት። ረመዳንም ዒዱም አለፈ። በመጨረሻ አንድ ማታ ደብተሩን ከኪሱ አወጣችና የቅዳሜ ጠዋት ባለተራ ከሆኑት ከእትዬ ሐምዲያ ስም ጎን፣ ዳሩ ላይ፣ በተጣመመ ፊደል ጻፈች፦ "ፋዲላ አብዱረሂም፣ ቅዳሜ ከሁለት እስከ ሦስት።"

"ምንድን ነው ይሄ?"

"ተራ ነዋ። እዚህ ያልተጻፈ ሰው አይታይህም።"

እርሳሱን ተቀብሎ ከሥሩ ፈረመላት። ሚስቱ ሙሀባ ግን ራሷን ነቀነቀች። "በሙስሊሙ የውሃ ቀን ቀጠርካት? እውነት ይለቁሃል?"

"ሌላ ቀን ትምህርት አለባት። በዚያ ላይ ቃል ገብቻለሁ፤ ወላሂ አልቀርም" አለ።

ቅዳሜ ለሁለት ሩብ ጉዳይ ጫማውን ሲያስር ስልኩ ጮኸ። እትዬ ሐምዲያ ናቸው። "የፋዲላ አባት፣ ውሃዬ ቆመ! ችግኜ በዚህ ፀሐይ ሊነድ ነው፣ ድረስልኝ!"

ፋዲላ በሩ ላይ ቆማ ታየዋለች። "አምስት ደቂቃ" አላት። "አንቺ ሳይክሉን ተከራይተሽ ሜዳው ላይ ጠብቂኝ።"

አምስት ደቂቃ! የአገሩ ሰው አምስት ደቂቃ ለሰላምታም አይበቃውም። ቦዩ ላይ ሲደርስ አፈር የሞላ ማዳበሪያ ውሃውን ገድቦ ወደ ጎረቤታቸው ወደ ኢብሮ ማሳ መልሶታል። ኢብሮ እጁን ወደ ሰማይ አንስቶ፣ "ወላሂ እኔ አይደለሁም፣ ጎርፍ ያመጣው ነው" አለ። ጠብታ ከወረደ ሁለት ወር አልፎታል። አብዱረሂም ማዳበሪያውን በእግሩ ገፍቶ ውሃውን መለሰና ሊሄድ ሲል እትዬ ሐምዲያ ክንዱን ያዙት፤ ካሳ ካልተቆረጠልኝ አሉ። ኢብሮ ምስክር ጠራ። ምስክሩ ያምናውን የድንበር ነገር አነሳ። ነገርን ነገር ያነሳዋልና ከማሾው ማሳ ሦስት ሰዎች ዶማቸውን ጥለው መጡ።

ስልኩን አየ፤ ሁለት ከሃያ። "ልጄ እየጠበቀችኝ ነው!" ብሎ ጮኸ።

"የኛስ ልጆች ምን ይብሉ?" አሉት እትዬ ሐምዲያ።

ደሙ ፈላ። ኢብሮን ሰደበ፣ ምስክሩን ሰደበ፣ ቦዩን የቆፈረውን ረገመ። ደብተሩን ለአንዱ ሽማግሌ ሰጥቶ መሄድ ይችል ነበር። ሁለት ጊዜ ከኪሱ አውጥቶ ሁለት ጊዜ መልሶ ከተተው። እሱ ከሌለ ውሃው ሽቅብ የሚፈስ ይመስለዋል፤ በሽታው ይሄ ነው። ካሳውን ቆርጦ ሲያበቃ ሁለት ሰዓት ከአርባ ሆነ።

እየሮጠ አስፋልቱ ላይ ወጣና ባጃጅ አስቆመ። ባለ ባጃጁም የተረገመ ነው፤ መንገድ ላይ ቆሞ የሽንኩርት ጆንያ ካልጫንኩ አለ። አብዱረሂም ወርዶ ጆንያውን ራሱ ጫነለት።

ሜዳው ላይ ሲደርስ ለሦስት አምስት ጉዳይ ነው። ፋዲላ ሳይክሉ ላይ ናት። ከኋላዋ ኮርቻውን ይዞ የሚሮጠው ወርቁ ነው፤ የሰንበት ነጭ ሸሚዙን ለብሶ፣ በላብ ርሶ። አሁን የዳነችው ቅድስት ከዳር ታጨበጭባለች። ወርቁ እጁን ለቀቀ። ፋዲላ ወለም ዘለም አለችና ቀና ብላ ብቻዋን ነዳች፤ አሥር ሜትር፣ ሃያ ሜትር። አብዱረሂም ስንት ሌሊት ያሰበው ይሄንን ነበር፤ እጁን የሚለቅበትን ሰዓት።

ዞራ መጥታ ፊቱ ቆመች። ጉልበቷ ተልጧል።

"ጎበዝ የኔ ልጅ! ነይ፣ አሁን እኔ ልያዝልሽ።"

"ተራህ አለፈ አባ።"

"ቦዩ ተገድቦ እኮ ነው፣ እትዬ ሐምዲያ..."

"ጋሼ ወርቁም ልጁ አሟት ነበር።"

ወርቁ አፈረ። "ተይ እንጂ ልጄ፣ አባትሽ ነው" አለና ፊቱን አዞረ።

"ትንሽ አይተርፍም?" አለ አብዱረሂም። ቃሉ ከአፉ ከወጣ በኋላ የማን እንደሆነ አወቀው።

ፋዲላ አልተቆጣችም፣ አላለቀሰችም። ሳይክሉን ለቅድስት አቀበለች። "ተራ ተራ ነው። በዙርህ ተመለስ።"

አብዱረሂም ሜዳው ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጠና ደብተሩን አወጣ። የሚቀጥለውን ቅዳሜ ፈለገ። ከሁለት እስከ ሦስት በራሱ እጅ ተጽፏል፤ ኢብሮ ይላል። ዳሩ ላይ ግን በተጣመመ ፊደል የጻፈ የለም።