ከቀብሩ በኋላ የተገዛ መድኃኒት

ጥሩሸዋ የሟች ባሏን የደመላሽን ሂሳብ በወራሽነት ልታዘጋ ሞላሌ ባንክ ቤት ሄደች። ሠራተኛዋ እስከዳር የሂሳቡን መግለጫ አትማ አየት አደረገችና ፊቷ ተለወጠ።

«እትዬ ጥሩሸዋ፣ ዓለም ከተማ መድኃኒት የሚገዛ ዘመድ አለዎት?»

«ማንም የለኝ። ምነው?»

«በየወሩ እዚያ ላለ ፋርማሲ በስልክ ተከፍሏል።»

«ደመላሽ አስም ነበረበት። መድኃኒቱን ግን እዚሁ ነበር የሚገዛው።»

እስከዳር ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ጋሽ ደመላሽ ያረፉት መቼ ነበር?»

«በሰኔ።»

«ይኼ የነሐሴ ነው።»

ጥሩሸዋ ቤቷ ገብታ ሳጥኑን ከፈተች። የባሏ ስልክ ከቀብሩ ቀን ጀምሮ እንደተዘጋ፣ በነጠላ እንደተጠቀለለ ነው። ሌባ ይሆናል ብላ ራሷን ልታጽናና ሞከረች። ሌባ ብሩን ጠርጎ ይወስዳል እንጂ በየወሩ መድኃኒት ይገዛል?

መኪና እየቀያየረች፣ መንገድ ላይ አድራ ዓለም ከተማ ገባች። የፋርማሲዋ ባለቤት ገሊላ ነገሩን ከሰማች በኋላ ግራ ተጋብታ አየቻት።

«ሰውየው ራሳቸው ናቸው የሚመጡት፣ እናቴ። ረጅም ናቸው፤ ሲናገሩ ትንፋሽ ያጥራቸዋል። ሲከፍሉ የሚወጣው ስምም ደመላሽ ነው። የሚመጡት በገበያ ቀን ነው፤ የዚህን ወር ገና አልወሰዱም፣ ነገ ይጠብቋቸው።»

በማግስቱ ጥሩሸዋ ከመደርደሪያው ጥግ ተቀምጣ ስትጠብቅ፣ ሰውየውን ከማየቷ በፊት ሳሉን ሰማች። ዕድሜ ልኳን ሌሊት አጠገቧ ስትሰማው የኖረችው ሳል ነው። ከመቀመጫዋ ብድግ አለች። ጋቢውን እስከ አፍንጫው የተከናነበ ሰው ገባ፤ ግንባሩ የደመላሽ፣ አቀርቅሮ መራመዱም የደመላሽ።

ሰውየው ጋቢውን ዝቅ ሲያደርግ ጉንጩ ላይ ጠባሳ ታየ። ያን ጠባሳ ታውቀዋለች። የባሏ ታናሽ ወንድም የወዳጆ ነው። ወዳጆ በወሰን ጠብ ሰው ገድሎ ከአገር ጠፋ፤ ከዓመት በኋላ ደመላሽ ሬሳውን ከቆላ በታሸገ ሣጥን አመጣው። ጥሩሸዋ ደረቷን እየደቃች አልቅሳለታለች። ደመኞቹም ያን ጊዜ ነው የተዉት።

«አንተ… ቀብረንህ አልነበር?»

«የቀበራችሁት ድንጋይ ነው» አለ ወዳጆ፣ በሩን ዘወር ብሎ እያየ። «ድንጋዩን ሣጥኑ ውስጥ የሞላው ደመላሽ ነው። ይህን በሱ ሂሳብ የሚከፍል ስልክም የሰጠኝ እሱ ነው፣ እኔም እንደሱ አስም ስላለብኝ መድኃኒትህን እንዳታቋርጥ ብሎ። አንቺን ላከሽ እንዴ? እሱ እኮ ከሰኔ ወዲህ ድምፁ ጠፋብኝ።»

ዐይኑ ጥቁር ልብሷ ላይ አረፈ። መሬት ላይ ቁጭ ብሎ፣ ጩኸቱ ወደ ገበያው እንዳይወጣ የጋቢውን ጫፍ አፉ ውስጥ ጎሰጎሰ። የሞተ ሰው ጮኾ ማልቀስ አይችልም።

«መቃብሩን አሳዪኝ» አላት ሲረጋጋ።

«የገደልከው ሰው ልጆች እኮ እዚያው አሉ!»

«አሳዪኝ።»

ሞላሌ የደረሱ ዕለት ጉሙ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር አልነሣ ብሎ ነበር። ሁለቱ መቃብሮች ጎን ለጎን ናቸው። ወዳጆ በአንደኛው ድንጋይ ላይ የራሱን ስም በጣቱ እየዳሰሰ ቆየ፤ ከዚያ በወንድሙ መቃብር ላይ በግንባሩ ተደፋ። ከኪዳን የምትመለስ አንዲት አሮጊት በጉሙ መሐል ፊቱን አየችው። «በስመ አብ ወወልድ!» ብላ አማተበችና የመጣችበትን መንገድ ይዛ ተመለሰች።

ወዳጆ በዚያው ቀን መኪና ተሳፍሮ ሄደ። ሞላሌ ግን ወዳጆ ከመቃብሩ ተነሥቶ በወንድሙ ላይ ሲያለቅስ ታየ ተብሎ እስከ ዛሬ ይወራል። ጥሩሸዋን የሚጠይቋት አሉ። እሷም፣ «እግዜር ነፍሳቸውን ይማር» ብላ ወሬ ትለውጣለች።