የጋሽ ዝም ሳር ማጨጃ

ጋሽ ዝምን ጋሽ ዝም ያለው ሰፈሩ ነው፤ ሰፈር ደግሞ ቅጽል ስም ሲያወጣ አይስትም። ሰውዬው ሰላም ሲሉት ኮፍያውን ነካ ያደርጋል፣ ሲጠይቁት "እናያለን" ይላል፣ ቢሰድቡትም "ይሁን" ብሎ ያልፋል። ሚስቱ ምሳ አቅርባ "ጨው በዛበት እንዴ?" ብትለው፣ በዝቶም አንሶም መልሱ "ደህና ነው" ነው። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም የሚለውን የተረተ ሰው ጋሽ ዝምን ሳያውቀው አልቀረም።

ታዲያ ነገር የማያውቅ እንዳይመስላችሁ። ምላሱ ምላጭ ነው። ችግሩ፣ ጫጫታ ካልሸፈነው አይናገርም። ዐመሉን ያመጣው ከሥራው ነው፤ ዕድሜውን የፈጀው ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ ሽመና ክፍል ውስጥ ነበር። እዚያ ማሽኖቹ አንድ ላይ ሲነሱ ግድግዳው ይንቀጠቀጣል፤ ሰው አጠገቡ የቆመውን አይሰማም። ስለዚህ ሠራተኛው ሁሉ ከንፈር ማንበብ ይማራል። ከአዳራሹ ማዶ ያለችው ሠራተኛ "ክር አለቀብኝ" ስትል ድምፅዋ ባይደርስም ከንፈሯ ይደርሳል። ሌላው የሚማሩት ደግሞ ለራስ ጮክ ብሎ ማውራት ነው። ካቦው ከቢሮ የመጣ፣ ከንፈር ማንበብ የማያውቅ ሰው ነበር፤ እሱ ሲያልፍ ጋሽ ዝም በትሕትና እጅ እየነሳ "ሂድ አንተ ቦርጫም፣ መንገዱን ጨለማ ያድርግብህ" ይለዋል። ካቦውም "እግዜር ይስጥልኝ" ብሎ ያልፋል።

ሚስቱንም ያገኛት እዚያው ነው። በመካከላቸው አምስት ማሽን እየጮኸ "ታገቢኛለሽ?" አላት፣ ያለድምፅ። እሷም "መጀመሪያ ክርህን ቀጥል፣ ተበጥሷል" አለችው፣ ያለድምፅ። ተጋቡ፣ ጸጥ ያለ ቤት ውስጥ ገቡ፣ ጋሽ ዝምም አፉን ዘጋ።

ጡረታ ሲወጣ ከእብደት ያዳነው አሮጌ ሳር ማጨጃው ነው። ቤንዚን ይጠጣል፣ ገመዱን ሲስቡት ትከሻ ይገነጥላል፣ ከተነሳ ግን ሰፈሩን ያናውጣል። ጋሽ ዝም ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት እሱን እየገፋ፣ ሳሩ ላይ እንደ ክር የቀና መስመር እያወጣ፣ በሆዱ የታመቀውን ሁሉ ያወራ ነበር። አማቹን ይወቅሳል፣ የሬዲዮኑን ዜና አንባቢ ይሳደባል፣ ነፍሷን ይማርና የሚስቱን እናት ከመቃብር አስነስቶ ይሟገታታል። ከአጥሩ ወዲያ ያለችው ነርስ ሌሊት ሠርታ ቀን የምትተኛ ናትና ትራሷን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ሞተሩን ትረግማለች። ሞተሩ ሲጠፋ ጋሽ ዝም ሆዱ ቀሎት፣ እጁን ታጥቦ፣ "ደህና ነው" ወደሚልበት ቤቱ ይገባል።

ዘንድሮ ግን ሌላ ከተማ ያገባችው ልጃቸው ወለደች፤ "እማዬ ነይልኝ" አለች። ሚስቱ እራት ላይ ጠየቀችው።

"ልሂድ እንዴ?"

"እንዳልሽ።"

"ወራት ልቆይ እችላለሁ እኮ።"

"እንዳልሽ።"

ዓይኗን ጨፈን ጨፈን እያደረገች ትክ ብላ አየችውና ሳህኑን አንስታ ሄደች። ጋሽ ዝም ያለሷ ቤቱ ውስጥ አንድ ሳምንት እንኳ እንደማይችል ያውቃል፤ "እኔም አብሬሽ ልሂድ" ማለት ፈልጎ ነበር። ግን "አባዬ አንተም ና" ያለው የለም፤ ያልተጠራ ሰው ደግሞ እንዴት ብሎ ራሱን ይጠራል? ለጊዜው ሆድ ይፍጀው ብሎ ቅዳሜን ጠበቀ፤ ለሞተሩ ሊነግረው። ቅዳሜ ደረሰ፤ ገመዱን ሳበ። ሞተሩ አስነጠሰ፣ ጥቁር ጭስ ተፋ፣ ሞተ። መካኒኩ ከፍቶ አየውና "እግዜር ያጥናችሁ፣ ይሄ ነፍሱ ከወጣ ቆይቷል" አላቸው።

"ሳልሄድ አዲስ እንገዛለን" አለች ሚስቱ። "በባትሪ የሚሠራውን።"

የፊቷ ፈገግታ ሞተር ከሞተበት ቤት የሚጠበቅ አልነበረም። ጋሽ ዝም ልብ ብሎታል። ዝም አለ።

ሱቁ ውስጥ ሳር ማጨጃዎቹ በሰልፍ ቆመዋል፤ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ብርቱካን። ሻጩ ከረባት ያሰረ ወጣት ነው፤ ገና ሲገቡ ጀምሮ አላቆመም።

"ጋሼ፣ ገመድ መሳብ የለ፣ ቤንዚን መቅዳት የለ! ቁልፉን ተጭነው መግፋት ብቻ ነው። ባትሪውን ነቅለው እንደ ስልክ ቻርጅ ያደርጉታል።"

ጋሽ ዝም ጉሮሮውን ጠረገ። ሚስቱ ደንግጣ ዞረች፤ እንግዳ ሰው ፊት ሲናገር ካየችው ቆይቷል።

"ድምፁስ?"

"ድምፅማ የለውም! አጠገቡ ሕፃን ያስተኙበታል።"

"የሚጮህ የለም?"

ሻጩ የሰማውን ማመን አቃተው። "የማይጮህ ማለትዎ ነው?"

"የሚጮህ።"

"ጋሼ፣ እኔ ጸጥታ ነው የምሸጠው" አለ ልጁ፤ ግን ገበያተኛ እንዳያመልጠው ብሎ አሰበና አረንጓዴውን ጎተተ። "ይቺ ቢላዋዋ ሰፊ ስለሆነ ከሁሉም ትብሳለች።" ቁልፉን ተጫነው። ማሽኑ ጠርሙስ ውስጥ እንደ ገባች ዝንብ "ዝዝዝ" አለ። ጋሽ ዝም ወሽመጡ ቁርጥ አለ።

ሚስቱ እስከዚያ ዋጋ የተጻፈበትን ካርድ አፍንጫዋ ድረስ አስጠግታ ታገላብጣለች። "መነጽሬን ቤት ረሳሁት" አለች። መነጽሯ ዓይኗ ላይ ነበር። ይህንንም ጋሽ ዝም አየ፤ ይህንንም ዝም አለ።

"ስማ ልጄ" አለች ሻጩን፣ "ይሄ እየሠራ አጠገቡ የቆመ ሰው ቢናገር፣ መስኮት ላይ ያለ ሰው ይሰማዋል?"

"እንዴታ እናቴ!"

"እስቲ እዚያ ጥግ ውሰደውና አስነስተህ የሆነ ነገር ተናገር።"

ልጁ ቀዩን እስከ ሱቁ ጥግ ገፍቶ አስነሳው። "ዋስትና አለው!" አለ። እሷ ዓይኗን ጨፍና ሰማች። "አሁን ደግሞ ቀስ ብለህ፣ እንደሚያጉረመርም ሰው።" "ቻርጀሩ አብሮ ይሰጣል" አለ ልጁ እያጉረመረመ። "ሌላውን አምጣ።" እንዲህ እያለች ሻጩን ከጥግ ጥግ አመላለሰችው። ገበያተኛው ሥራውን ትቶ ከበባቸው፤ ልጁ የሚለው ሲያልቅበት የእናቱን ስልክ ቁጥር መዘርዘር ጀመረ። በመጨረሻ ብርቱካኑን መረጠች፤ ከሁሉም ድምፅ የለሹን።

"ባትሪው እስከምን ይቆያል?"

"ከግማሽ ሰዓት ትንሽ ያልፋል። ለእናንተ ግቢ በቅቶ ይተርፋል።"

ሚስቱ ወደ ባሏ ዞረች። "አይበቃውም። ሁለተኛ ባትሪ ጨምርበት።"

"እናቴ፣ ሻጭ ሆኜ እንዲህ ማለት የለብኝም ግን አያስፈልግዎትም።"

"ሰውዬውን ስለማታውቀው ነው።"

ጋሽ ዝም ቀርፋፋ ነህ ያለችው መሰለውና ቅር አለው። ለማን ይንገር? የሚነግረው ሞተር እንደሆን ሞቷል።

ቅዳሜ መጣ። ጉዞዋ ሰኞ ነው፤ መኝታ ቤት ሻንጣው አፉን ከፍቶ ተቀምጧል፣ ጋሽ ዝም ላለማየት ጀርባውን ሰጥቶት ለበሰ። ግቢ ወጥቶ ቁልፉን ተጫነ። ዝዝዝ። የጫማው ኮቴ ይሰማል፣ ወፍ ይሰማል፣ የጎረቤት በር ይሰማል። ነርሷ በአጥሩ በኩል ብቅ ብላ "ጋሼ፣ እድሜ ይስጥዎት! ዛሬ ገና ልተኛ ነው!" አለችና ገባች።

የመጀመሪያዎቹን መስመሮች ጥርሱን ነክሶ ሄደ። ግን ዐመል ያወጣል ከመሐል ነው። እጁ መግፊያውን ይዞ፣ እግሩ በመስመር እየሄደ፣ አፉ ብቻውን እንዴት ይቀመጥ? ሳይታወቀው ከሻጩ ጀመረ።

"ጸጥታ ሻጭ! ከረባት አስሮ ዝንብ ይሸጥልኛል..."

ቀጥሎ ወደ አማቹ ተሻገረ። "ሕፃኑን የሚያቅፍበት እጅ የለውም? ከዚህ ድረስ ሰው ያስመጣል? ለነገሩ እሱ ምን አጠፋ። እኔ ነኝ እንጂ! 'ልሂድ' ስትለኝ 'እንዳልሽ'። እንዳልሽ! ምላሴን ጅብ ይብላው። ሰኞ ትሄዳለች፣ እኔ ከወንበር ጋር 'ደህና ነው' ስባባል ልከርም ነው። እኔ ያለሷ..."

ድምፁ ወረደ።

"ጮክ በል እንጂ!" አለ ከመስኮቱ የመጣ ድምፅ። "'ያለሷ' ካልክ በኋላ ያለው አልተሰማኝም።"

ጋሽ ዝም ክው አለ። ሚስቱ ክርኗን መስኮቱ ላይ፣ ጉንጯን መዳፏ ላይ አሳርፋለች፤ እዚያ መቀመጥ ዛሬ የጀመረች አትመስልም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ አይመለስም።

"ትሰሚያለሽ እንዴ?"

"አሁን ነው የምሰማው። ድሮ አይ ነበር።"

"ምኑን ነው የምታዪው?"

"አንተ ሰውዬ፣ ሽመና ክፍል የሠራኸው ብቻህን መሰለህ?"

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ ሰው ስለራሱ የሚሰማው ከሁሉም መጨረሻ ነው። ጋሽ ዝም የዓመታት ቅዳሜዎቹን ባንድ ጊዜ አስታወሰና ላብ አጠመቀው። አምስት ማሽን ተሻግራ ከንፈሩን ያነበበች ሴት፣ ከመስኮት እስከ ሳሩ ያለው ምኗ ነው?

"ሁሉንም?"

"ሁሉንም።"

"የ... የእናትሽንም?"

"እሱንማ ስለምትደጋግመው በቃሌ ይዤዋለሁ።"

"ታዲያ ምነው ዝም አልሽኝ?"

"ብነግርህ ፊትህን ወደ አጥሩ ልታዞር ነዋ! ባሌ ሲያወራ የማየው ቅዳሜ ብቻ ነው፤ እሱንም ልጣው?" ድምፅዋ ለስለስ አለ። "ካለፈው ክረምት ወዲህ ግን ከንፈርህ አይታየኝም። ሞራ ነው አለኝ ሐኪሙ፣ ይወጣል ብሎኛል። እስከዚያ ግን ፊትህ ከዚህ ሲታየኝ ቀለሙ የለቀቀ ጨርቅ ነው። አፍህ ሲንቀሳቀስ አያለሁ፣ የምትለው አይገባኝም። የዚያ ሞተር መሞት ለዚህ ነው ደስ ያለኝ።"

ጋሽ ዝም አፈረ። ወጡ ላይ እጥፍ እየሆነ የመጣው ጨው፣ ዓይን ላይ ሆኖ የተረሳው መነጽር፣ እራት ላይ ጨፈን ጨፈን ያደረገችው ዓይን፤ ሁሉንም አይቶ ነበር። "ዓይንሽን ምን ሆንሽ?" የምትል አንዲት ጥያቄ ከአፉ ሳትወጣ ወራት አልፈዋል። ሚስቱ ጨለማ እየገባች እሱ "ደህና ነው" ሲላት ከርሟል።

በዚህ መሃል ባትሪው አለቀ። ያቺው ዝዝዝታም ቀጥ አለች። ግቢው ውስጥ የሚሸፍነው አንድም ድምፅ አልቀረም።

"'ያለሷ' ካልክ በኋላስ?" አለች ሚስቱ።

አፉን ከፈተ፣ ዘጋ። መግፊያውን የሙጥኝ እንዳለ፣ ካቦ ፊት እንደ ቆመ አዲስ ሠራተኛ፣ ቀስ ብሎ ተናገረ።

"ምን አልክ?"

ደገመው። አሁንም አልወጣለትም።

ያኔ ከአጥሩ ወዲያ መስኮት ተበረገደ።

"እትዬ! 'እኔንም ውሰጂኝ' ነው የሚሉት! እኔ ሰምቻለሁ፣ ሰፈሩም ሰምቷል! በፈጠራችሁ ይውሰዷቸውና ልተኛበት! ሞተሩ ይሻለኝ ነበር!"

መስኮቱ ተመልሶ ተዘጋ። ጋሽ ዝም ቀና ሲል ሚስቱ ከመስኮቷ ላይ የለችም። ተቀይማ የገባች መሰለው። ከዚያ የጓዳው በር ተከፈተ፤ አንድ እጇ ግድግዳውን እየዳበሰ፣ በሌላው የሆነ ነገር አቅፋ ደረጃውን ወረደች። የታቀፈችው ሁለተኛውን ባትሪ ነው።

"ሸሚዞችህን ሻንጣው ውስጥ ከከተትኳቸው ሦስት ቀናቸው" አለችው። "ጀርባህን ሰጥተኸው ስትዞር እንዴት ታየዋለህ? በል ይሄን ክተትና የቀረህን ጨርስ።"

"ሳሩን?"

"ወሬውን።"

ደረጃው ላይ ተቀመጠች፤ ጆሮዋን ወደሱ ዘንበል አድርጋ። ጋሽ ዝም ባትሪውን ቀየረና ከእናቷ ጀመረ። ዕድሜ ልኩን የቀና መስመር ያወጣ ሸማኔ፣ በዚያ ቅዳሜ ሳሩን ጠማማ አድርጎ አጨደው፤ የሚያየው ሳሩን ሳይሆን እሷን ነበር።