ፈገግ ያለው ፊደል

አያ ቢሆነኝ ላሊበላ ውስጥ የሚጠሉት አንድ ነገር ቢኖር ያ የማስታወቂያ ፊደል ነው። ሌላውን ሁሉ፣ የባጃጁን ጡሩንባ እንኳ፣ ችለውት ኖረዋል። ፊደሉ ግን ያቅለሸልሻቸዋል። ወፍራም ነው፤ ጫፍ የለው፣ ማዕዘን የለው፤ ራሱም እግሩም እኩል ያበጠ። የ«መ» ሁለት ሆዶች ደም ጠጥተው የተኙ መዥገሮች ይመስሏቸዋል። «ዐ»ማ ዓይኗ ሊደፈን ትንሽ ነው የቀራት። ማስታወቂያ ሠሪው መልአኩ ኮምፒውተሩ ውስጥ ካገኘው ወዲህ ለጭማቂ ቤቱም፣ ለፋርማሲውም፣ ለሕፃናት ዳይፐሩም፣ ለባጃጁ ጀርባም የሚለጥፈው እሱኑ ነው። አያ ቢሆነኝ በዚያ መንገድ ሲያልፉ ጋቢያቸውን አፍንጫቸው ላይ ጣል ያደርጋሉ፤ ፊደል የሚሸት ይመስል።

እኒህ ሰው የላይ ሠፈር ዕድር ንብረት ጠባቂ ናቸው። ድንኳን፣ ድስት፣ አግዳሚ ወንበር የሚወጣውም የሚገባውም በሳቸው እጅ ነው። ታዲያ ለዘመድ ሠርግ ኮን ከተማ ሄደው ሲመለሱ፣ የዕድሩ ሊቀ መንበር ይታገሱ ከታች ሠፈር ድንኳን ጋር እንዳይቀላቀል ብሎ፣ በድንኳኑ ግንባር ላይ «የላይ ሠፈር መረዳጃ ዕድር» አስጽፎ ጠበቃቸው። በዚያው ፊደል። በብርቱካንማ ቀለም።

«ምንድነው ይሄ ድንኳኑ ላይ የተፋችሁት?» አሉ።

«ከሩቅ ይነበባል፣ አያ» አለ መልአኩ፣ ቀለሙን ከጣቱ እየጠረገ። «ደግሞ ሰው ይቀርበዋል። ፈገግ ያለ ፊደል ነው።»

«ፈገግ ያለ! ለለቅሶ?»

«ሐዘንተኛውን ያጽናናዋ» አለ ይታገሱ።

«አንተን ያጽናናህ! እኔ የሞትኩ ዕለት ከዚህ ሥር እንዳታስቀምጡኝ፤ ሬሳዬን ያስመልሰዋል።»

«አይዞት፣ አንቱ የሞቱ ዕለት በቀጭኑ እንጽፈዋለን» ቢላቸው መልአኩ፣ ሰዉ ሳቀ።

ሞት ግን ቀድሞ ታላቅ እኅታቸው ዘንድ ሄደ። ወይዘሮ ወለተ ሐና ሙጃ አገር ተድረው፣ ባላቸው ካረፉ በኋላ ላሊበላ የተመለሱ ሴት ነበሩ። የባላቸው ወገኖች እስከ መጨረሻው እንደ እናት ይጠይቋቸው ነበር። ስለዚህ አያ ቢሆነኝ ከቀብር በኋላ የጠበቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሙጃዎቹ መጥተው ለእኅታቸው እንደ ወጉ እንዲያለቅሱላቸው። ካልመጡማ ወለተ ሐና የተዳረችበት አገር የረሳት ሴት ልትባል ነው።

በሣልስቱ ማለዳ የሙጃዎቹ ሽማግሌ አያ ሸጋው ከመንገድ ደወሉ። «የርስዎን ቤት አናውቀውም፤ እንዳንጉላላ፣ ምልክቱ ምንድነው?»

የአያ ቢሆነኝ ዓይን ደጃቸው በተተከለው የዕድሩ ድንኳን ግንባር ላይ ዐረፈ። «ምልክትስ ሞልቷል። ከመናኸሪያው ሽቅብ ስትወጡ ያበጠ ብርቱካንማ ፊደል ያለበት ድንኳን ታያላችሁ። እንደሱ ያለ አስቀያሚ ሁለተኛ የለም።»

ሁለተኛ ነበረ። ያን ዕለት ከመናኸሪያው በላይ አንድ አዲስ ሆቴል ይመረቅ ነበር፤ የዚያንም ድንኳን በዚያው ፊደልና ቀለም የጻፈው መልአኩ ነው።

በዚያ አገር ለቅሶ ደራሽ ጩኸቱን የሚጀምረው ድንኳኑን ከሩቅ ሲያይ ነው፤ ዝም ብሎ ደጅ ድረስ አይመጣም። ሙጃዎቹም ብርቱካንማውን ፊደል እንዳዩ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቀዘቁ፣ ወንዶቹ «ወየው እትዬ ወለተ ሐና!» እያሉ ደረታቸውን እየደቁ ገቡ፤ ዘፈን መሀል። አንዲት አስተናጋጅ ብትደነግጥ «እንኳን ደህና መጣችሁ» ብላ አያ ሸጋውን የማንጎ ጭማቂ አስጨበጠቻቸው።

አያ ቢሆነኝ ወሬውን ሰምተው ቁልቁል ሲሮጡ ሙጃዎቹን መንገድ ዳር አገኟቸው። ሴቶቹ ነጠላቸውን አስተካክለው ለመመለስ ተነሥተዋል። አያ ሸጋው ብርጭቆውን እንደያዙ ናቸው፤ የት እንደሚያስቀምጡት ጠፍቷቸው።

«አያ ቢሆነኝ፣ ምን በደልንዎት?» አሉ። «በሬሳ ይቀለዳል?»

«ቀልድ አይደለም። ፊደሉ ነው።»

«ፊደሉ ምን አደረገ?»

«እሱኑ የኛም ድንኳን ላይ ጽፈውብናል። የኛ ብቻ መስሎኝ፣ ጠልቼው ምልክት አደረግሁት።»

አያ ሸጋው ያለቀሱት ለቅሶ አፋቸው ውስጥ የኮመጠጠ ይመስል ከንፈራቸውን ጠረጉ። አያ ቢሆነኝም ጋቢያቸውን ወገባቸው ላይ አሰሩ፣ ወደ ሽቅቡ ዞሩና መንገድ መሀል «እኅት ዓለም! ሙጃ መጣልሽ!» ብለው ጮኹ። ሐዘንተኛ ከድንኳኑ ወጥቶ እንግዳ ሲመራ የት ታይቶ! ባለ ሱቆቹ ወጥተው አዩ። አንዲት የሙጃ ሴት ነጠላዋን መልሳ አዘቀዘቀች። ከዚያ ሌላዋ። አያ ሸጋው ብርጭቆውን ድንጋይ ላይ አስቀምጠው ተከተሉ።

ላይ ሲደርሱ ግን አያ ሸጋው ድንኳኑ ደጅ ቀጥ ብለው ቆሙ። ግንባሩን ቀና ብለው አዩ፤ ኮሶ እንደ ጠጣ ሰው ፊታቸው ተጨማደደ።

«እዚህ ሥር አልገባም። በአንድ ቀን ሁለቴ?»

«ደግ ብለዋል» አሉ አያ ቢሆነኝ።

ሙጃዎቹ ሜዳው ላይ ተቀመጡ። ሐዘንተኛ ለቅሶ ደራሽን ውጭ ጥሎ ውስጥ አይቀመጥምና ቤተ ዘመዱም አግዳሚውን እየተሸከመ ወጣ፤ ቀጥሎ ጎረቤቱ፤ ቀጥሎ ቄስ ገብረ ዮሐንስ መስቀላቸውን ይዘው። ይታገሱ ብቻ ሊቀ መንበርነቱ ይዞት ጥቂት ቆየ፤ ኋላ እሱም ወንበሩን አንጠልጥሎ ወጣ። አያ ሸጋው የወለተ ሐናን ደግነት እያነሡ ሲያስለቅሱ አያ ቢሆነኝ በጋቢያቸው ተሸፍነው ተንሰቀሰቁ። ፀሐዩ አናት የሚበሳ ነበር፤ አንድም ሰው ጥላ ፍለጋ አልተመለሰም።