መጽሐፉ ላይ ያልነበረው ማንኪያ

መምህር ባንታምላክ አንድ ነገር ካመነ አመነ ነው፤ ማንም አይነቀንቀውም። ያመነውም ልብ ወለድ በጥያቄና መልስ አይገባም የሚለውን ነበር። «ጭብጡ ምንድን ነው ብዬ ብጠይቃችሁ ሰሌዳ ላይ የጻፍኩላችሁን ገልብጣችሁ ትመልሱልኛላችሁ። እሱን አልፈልግም። በእጃችሁ ሠርታችሁ አሳዩኝ» ይላቸው ነበር ስምንተኛ ክፍሎቹን። ይህን ሲል ደረቱ ይነፋል። ሰው በሌላ ሰው እጅ እውነት ሲያወጣ እንዴት ደስ ይለዋል መሰላችሁ!

ትምህርት ቤቷ ሱዳን ውስጥ ገዳሪፍ ከተማ ያሉ ኢትዮጵያውያን አዋጥተው ያቆሟት አራት ክፍል ናት። የካርቱሙ ጦርነት ከመጣ ወዲህ ሁለቱን ክፍል ተፈናቃዮች ስለያዙት ስምንተኛ ክፍል የሚማረው ግቢው ውስጥ ካለው የኒም ዛፍ ሥር ነው። መጽሐፉም አንድ ብቻ ነው፤ ባንታምላክ ከመተማ ሲሻገር በጨርቅ ጠቅልሎ ያመጣው፣ ልባሱ የተገነጠለ አሮጌ ልብ ወለድ። እሱ ጮክ ብሎ ያነባል፣ ልጆቹ ያዳምጣሉ። ታሪኩ ጌታ ቤት ለአገልጋይነት የተሰጠች የሸማኔ ልጅ ታሪክ ነው። ጌታው በአለንጋ ይገርፋታል። ጎረቤቱ በሙሉ ያውቃል፤ ሲጠየቅ ግን «ወድቃ ነው» ይላል። በመጨረሻ ልጅቱ ትሞታለች፤ ለቅሶው ላይ ከሁሉ አብልጠው የሚያለቅሱትም እነዚያው ጎረቤቶች ናቸው። ይህን ምዕራፍ ባነበበ ዕለት ደጉ የሚባለው የክፍሉ ቀልደኛ እንኳ ትንፍሽ አላለም።

«በሉ እንግዲህ» አለ ባንታምላክ መጽሐፉን አጥፎ። «አገዳም ይሁን ጭቃ፣ ጨርቅም ይሁን ገመድ፣ ያገኛችሁትን ይዛችሁ ጭብጡን ሠርታችሁ አምጡ። ለወላጆች በዓል ይታያል፤ ጨረታም ይወጣበታል።»

ጨረታው የታወቀ ነው። በየዓመቱ ጥር ላይ፣ ሰሊጥ ተሰብስቦ የሰው ፊት ሲፈታ፣ ነጋዴውና ባለእርሻው ግቢው ውስጥ ተሰብስቦ የልጆቹን ሥራ በጆንያ ሰሊጥ ይጫረታል። ሰሊጡ ለትምህርት ቤቱ ነው፤ ስሙ ለተጫራቹ።

ፀደይ ሥራዋን ያመጣችው ልጆቹ ሁሉ ከሄዱ በኋላ ነው። ዐሥራ አራት ዓመቷ ነው። እናቷ ስትሞትባት ወይዘሮ ወርቅውሃ «ወስጄ አስተምራታለሁ» ብላ ከመተማ አጠገብ ካለ መንደር በገላባት በኩል ድንበር አሻግራ አመጣቻት። ወርቅውሃ ማናት ቢሉ፣ ሎሪዎች የሚቆሙበት ሜዳ ፊት ለፊት ያለው ምግብ ቤት ባለቤት፣ ድንበሩ አጠገብ ፋሽጋ ላይ እርሻ ያላት፣ የትምህርት ቤቱ ኮሚቴ ሊቀመንበር። የባንታምላክ ኢቃማ፣ ማለት የመኖሪያ ወረቀቱ፣ በየዓመቱ የሚታደሰው በሷ ዋስትና ነው። አገሩ እሳቸው ይላታል፤ እዚህ ግን እሷ ናት፣ ያውም ይበዛባታል።

ፀደይ ከደብተሮቿ መሀል ያወጣችው አሻንጉሊት ነበር። ከጆንያ ጨርቅ ተሰፍቶ በማሽላ አገዳ የቆመ፣ ጸጉሩ ከቃጫ የተጎነጎነ። ዓይን አለው፣ አፍ የለውም። ባንታምላክ «አበጀሽ!» አለና ገለበጠው። ጀርባው ሦስት ቦታ ተቃጥሏል። ሦስቱም የእንቁላል ቅርጽ፣ ሦስቱም እኩል።

«ምንድን ነው ይሄ? እኛ ያነበብነው አለንጋ ነው እኮ።»

«ማንኪያ ነው፣ ኡስታዝ» አለች። ሱዳን የሚማር ልጅ መምህሩን ኡስታዝ ነው የሚለው።

«የምን ማንኪያ?»

«የጋለ።» ዞር ብላ የዩኒፎርሟን ኮሌታ ሁለት ጣት ያህል ዝቅ አደረገችና ወዲያው መለሰችው። «ወጥ ሲያርብኝ ነው።»

ባንታምላክ አዘነላት። ይህ ሐሰት አይደለም፣ አዘነላት። ዓይኑ ግን ከልጅቱ ትከሻ ቶሎ ተነሥቶ ወደ አሻንጉሊቱ ተመለሰ። ዐሥራ ስድስት ዓመት ሲያስተምር እንዲህ ያለ ሥራ አይቶ አያውቅም ነበር።

«ሰው እንዳያይብኝ ኡስታዝ» አለች ፀደይ። «እርስዎ ብቻ እንዲያዩልኝ ነው ያመጣሁት። እትየ ካዩት ይገድሉኛል።»

«እኔ እያለሁ? አይዞሽ ልጄ፣ ማንም አያይም።»

ወደ ቤቱ ሲሄድ መንገዱን በሙሉ ከራሱ ጋር ተሟገተ። ልናገር ቢል ኢቃማው አለ። ልተወው ቢል ልጅቱ አለች። የሰፈሩ ሱቅ ጥግ ሲደርስ አንድ ሐሳብ መጣለት፤ ሰይጣን ነው እንጂ ሐሳብ አይባልም። አሻንጉሊቱን ቢሰቅለውስ? ያየ ሰው ራሱ ይጠይቃል። የጠየቀ ሰው ራሱ ይደርስበታል። ባንታምላክ ምን አለ? ምንም። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም። ፈሪ ጀግንነት ሲያምረው እንዲህ ነው፤ ሕፃን ከፊት አስቀድሞ ይዘምታል። ቤቱ ሲደርስ ግን ፊቱ በርቶ ነበር፤ ልጅቱን ያዳናት መስሎታል።

የበዓሉ ዕለት ግቢው በሰው ጢም አለ። የልጆቹ ሥራ በረጅም ገመድ ላይ ተሰቅሏል። ደጉ ከዋልካ ጭቃ ትልቅ ጆሮ ሠርቶ ቀዳዳውን በጥጥ ወትፎታል። አሻንጉሊቱ ከመሀል በክር ተንጠልጥሏል፤ ነፋስ ሲነካው ይዞራል። ፀደይ ለእንግዶች ሻይ ይዛ ስትገባ አየችው። ቀና ብላ ባንታምላክን ፈለገችው። እሱ ወንበር ያስተካክል ነበር።

አጫራቹ አፈ ጮሌ የሎሪ ሾፌር ነው። የደጉን ጆሮ «ስማኝ ያላችሁ ሁሉ ይኸው ጆሮ!» እያለ በሁለት ጆንያ ሰሊጥ ሸጠው፤ ሰው በሣቅ ፈረሰ። ከዚያ አሻንጉሊቱን በጥሶ ከፍ አደረገውና አዞረው። ጀርባው ለሕዝቡ ተገለጠ።

ሣቁ ቀጥ አለ። ሴቶቹ ተያዩ። ወጥ የሚያማስል ሰው የማንኪያ ልክ አይጠፋውም። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ሆኖ ነው እንጂ፣ ያ ግቢ ያቺን ልጅ ስንት ጊዜ እጇን በጨርቅ ጠቅልላ አይቷታል! አያድርስ ነው።

ወርቅውሃ ከፊት ወንበር ቀስ ብላ ተነሣች። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ በተሻለ።

«መምህሬ» አለች፣ ሁሉም እንዲሰማ ድምፅዋን አጥርታ። «እኛ ያልተማርን ሰዎች ነን፣ እስቲ አስረዳን። ይሄ ጀርባዋ ላይ ያለው ምንድን ነው?»

ባንታምላክ የጠበቀው ሰው እንዲጠይቅ ነበር፤ ይኸው ተጠየቀ። የጠየቀችው ግን እሷ፣ የተጠየቀውም እሱ ሆነ። መቶ ዓይን ፊቱ ላይ አረፈ። በሩ አጠገብ ሻይ የምትሸጠው ለተትንሳኤ ሳትቀር ማንቆርቆሪያዋን አስቀምጣ ቆማለች። ለተትንሳኤ ከቱነይድባ የስደተኞች ካምፕ ወጥታ ከተማ የገባች የትግራይ ሴት ናት፤ አገሯ ሳለች ነርስ ነበረች።

«ከ… ከመጽሐፉ ነው፣ እትየ ወርቅውሃ» አለ ባንታምላክ። «በታሪኩ ውስጥ ያለችው ልጅ ጌታዋ ቤት የደረሰባትን ግፍ ነው የሚያሳየን። ደራሲው ልክ እንዲህ ነው የጻፈው።»

«ኡስታዝ!» ደጉ እጁን አወጣ። እጅ አውጥቶ መናገርን ያስተማረው ራሱ ባንታምላክ ነው። «መጽሐፉ ላይ አለንጋ ነው እኮ። ማንኪያ የለም። ወላሂ የለም!»

«ዝም በል!» ባንታምላክ ጮኸ። ዐሥራ ስድስት ዓመት ሲያስተምር ልጅ ላይ እንዲያ ጮኾ አያውቅም። «አንተ መቼ አዳምጠህ ታውቃለህ! ደንቆሮ! ቁጭ በል!»

ደጉ አባቱና እናቱ ፊት አንገቱን ደፍቶ ተቀመጠ። ፀደይ አላለቀሰችም። ትሪዋን ደረቷ ላይ አቅፋ ባንታምላክን ዓይን ዓይኑን ታየው ነበር።

«ከመጽሐፉ ከሆነማ ደግ ነው» አለች ወርቅውሃ። «ከኔ ቤት የወጣ ጥበብ ሌላ ሰው ቤት አይገባም። ሃያ ጆንያ!»

እልልታው ግቢውን አናወጠው። ሃያ ጆንያ ሰሊጥ ለአንድ አሻንጉሊት፣ ተሰምቶም አይታወቅ! አጫራቹ ሦስት ጊዜ ጠርቶ ሌላ ተጫራች እንደማይኖር እያወቀ ሦስቴ ዙሪያውን ቃኘ። ወርቅውሃ ፀደይን ወደ ፊት ጠርታ ሁለት ጉንጯን ሳመቻት፤ መዳፏንም ከጀርባዋ ላይ፣ ልክ ከትከሻዋ በታች፣ ጫን አድርጋ አሳረፈች። ልጅቱ ከንፈሯን ነከሰች። «እናት ማለት እንዲህ ናት!» አሉ አንድ ሽማግሌ እንባቸውን እየጠረጉ። ሕዝቡም አጨበጨበ። ባንታምላክም አጨበጨበ።

ሰዉ ሲበተን ለተትንሳኤ በሩ ላይ ጠብቃ እጁን ያዘችው።

«የቃጠሎ ቁስል አውቃለሁ፣ ስንቱን አክሜአለሁ» አለችው። «እኔ ሻይ ሻጭ ነኝ፣ ለብቻዬ ብናገር ማን ይሰማኛል? ለልጆች ጉዳይ የሚሠራ ቢሮ አለ። አንተ መምህሯ ነህ፤ አይቻለሁ ብለህ አንድ ቃል ስጥ። አብሬህ እሄዳለሁ። ዛሬውኑ እንሂድ፣ ዛሬ ማታ እዚያ ቤት መግባት የለባትም።»

«ነገ» አለ ባንታምላክ። «ነገ ረጋ ብለን እንነጋገራለን።»

«ነገ?» አለች፤ እጁንም ለቀቀችው።

በማግስቱ ባንታምላክ የሻይዋን ቦታ ሽሽት በጓሮ በኩል ገባ። በሦስተኛውም ቀን እንዲሁ። ፀደይ ግን በየትኛውም በኩል አልመጣችም። ስም ሲጠራ የሷ ጋ ሲደርስ ልጆቹ ዝም ይላሉ፤ እሱም ቶሎ ብሎ ወደሚቀጥለው ያልፋል። ደጉ እጅ ማውጣት ትቷል።

ሐሙስ ከሰዓት ወርቅውሃ አስጠራችው። ምግብ ቤቷ ጓሮ፣ ከመጋዘኑ ፊት፣ አንድ ሎሪ ሞተሩን አስነሥቶ ቆሟል። በላዩ ዱቄት፣ ዘይትና አካፋ ተጭኗል፤ ወደ ፋሽጋ የሚሄድ ነው። ወርቅውሃ እንደ ትልቅ እንግዳ ተነሥታ ተቀበለችው። ወንበር ሳበችለት፣ ቀዝቃዛ ካርካዴ አስቀዳችለት።

«ያቺ ሻይ ሻጭ ቢሮ ድረስ ሄዳ ወሬ አቀብላለች» አለች፣ እያዘነች የምትናገር መስላ። «ቅዳሜ ከዚያ ሰው ይመጣል። የሚጠይቁት አንተን ነው። ምን ሙሽኪላ፣ ምን ችግር አለው? ልጅቱ ፋሽጋ ለሠራተኞቼ ወጥ ልትሠራ ትሄዳለች። ትምህርቷን በገዛ ፈቃዷ ትታ ዘመዶቿ ጋ ሄዳለች ብለህ ጻፍልኝ። አንተ ቋንቋ ታውቃለህ።»

ነጭ ወረቀት አቀረበችለት። ከወረቀቱ ጎን የባንታምላክ ኢቃማ ነበር፤ ታድሶ፣ ማኅተሙ ገና እርጥብ። አላስፈራራችውም። ወደሱ ገፋ ብቻ አደረገችው።

አሁንም መነሣት ይችል ነበር። ለተትንሳኤ ከዚያ ሁለት መንገድ ተሻግራ ናት። ሎሪው ገና አልተንቀሳቀሰም። ባንታምላክ ይህን ሁሉ አሰበ፤ አሰበና ጻፈ። ሰው ሁሉ የሚያደንቅለት የእጅ ጽሑፉ ወረቀቱ ላይ ተደረደረ፦ «ተማሪ ፀደይ ትምህርቷን በገዛ ፈቃዷ አቋርጣ ወደ ዘመዶቿ መሄዷን እንገልጻለን።»

«ነይ ፈርሚ!» ብላ ወርቅውሃ ወደ ማድ ቤቱ ተጣራች።

ፀደይ መጣች። ቀኝ እጇ ከጣቶቿ እስከ አንጓዋ በጨርቅ ተጠቅልሏል። ባንታምላክ ምን ሆነሽ ብሎ አልጠየቃትም። እስክሪብቶ ሲያቀብሏት ለመያዝ ሞከረች፤ ጣቶቿ አልታጠፉላትም፤ እስክሪብቶው መሬት ወደቀ።

«አሻራ ይበቃል፣ ግራ እጅሽን አምጪ» አለች ወርቅውሃ የኮሚቴውን ማኅተም ቀለም ከፍታ። «መምህሬ፣ ያዝላት።»

ባንታምላክ የልጅቱን አውራ ጣት ያዘ። ቀለሙ ላይ ሲጫነው ፀደይ ወደ ጆሮው ዘንበል አለች።

«ኡስታዝ፣ አልሄድም ብላለች ብለው ይጻፉልኝ።»

«አይዞሽ» አላት። ከልቡ ነው ያላት፤ መከራው እሱ ነው። ጣቷን ወረቀቱ ላይ አሳረፈው። እጇ ክፉኛ ይንቀጠቀጥ ስለነበር ቀለሙ ተንሸራቶ «በገዛ ፈቃዷ» የሚለው ላይ ተጨማለቀ።

ወርቅውሃ ወረቀቱን አንሥታ አየችውና ከንፈሯን መጠጠች። «ይሄማ አይሆንም፣ ሰው ምን ይላል» አለችና ሌላ ንጹሕ ወረቀት አመጣች።

ባንታምላክ እስክሪብቶውን ከመሬት አነሣ፤ ከመጀመሪያውም እስከ መጨረሻው እንደገና ጻፈው።